ቡና ያለ ዘር

ለመሆኑ ቡና ያለ ዘር ይራባል ወይ? አዎ! ካምፓላ አጠገብ በካዋንዳ የምርምር ጣቢያ ሮቡስታ ቡና በቁራጭ ሲባዛ ቆይቷል። የአገራችን አረቢካ ዘሩ እናቱን ይመስላል፤ ሮቡስታ ግን ከሌላ ዛፍ ስለሚዳቀል ልጁ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1993 ዩጋንዳ ውስጥ የታየው አጠውላጊ በሽታ ከሮቡስታው ግማሽ ያህሉን ሲፈጅ፣ በሽታውን የቻለው ዛፍ ሳይለወጥ የሚባዛው በቁራጭ ነው።

ታዲያ ከየት እንቁረጥ? የዛፉ ጫፍ የታችኞቹን ቀንበጦች የሚያግድ ሆርሞን ይልካል። ጫፉ ሲገረዝ ከግንዱ ቀጥ ያሉ ቀንበጦች ይወጣሉ። ከነዚህ የተወሰደ ቁራጭ ቀጥ ያለ ዛፍ ይሆናል። ከጎን ቅርንጫፍ የተወሰደው ግን ሥር ቢሰድም ወደ ጎን እየተንጋደደ ይቀራል። ስለዚህ ችግኝ ስንገዛ «ቁራጩ ከየት ተወሰደ?» ብለን እንጠይቅ፤ አለዚያ የዓመታት ድካማችን ገደል ገባ ማለት ነው።