ትዳር ሲፈርስ የማይፈርሰው ፎርም

በአሜሪካ አዲስ ሥራ የያዘ ሰው ከሚፈርማቸው ወረቀቶች አንዱ፣ ቢሞት የሕይወት መድኑን ገንዘብ ማን እንደሚቀበል የሚጠይቅ ነው። ያገባ ሰው የባለቤቱን ስም ይጽፍና ይረሳዋል። ከዓመታት በኋላ ትዳሩ ሲፈርስ ቤቱም፣ መኪናውም፣ የልጆቹም ነገር አንድ በአንድ ይነሣል። ያ ፎርም ግን መሥሪያ ቤቱ ፋይል ውስጥ እንደተፈረመ ይቀመጣል።

የዚህ ዝንጋታ ዋጋ ገሃድ የወጣው ከዋሽንግተን ግዛት በመጣ ክርክር ነው። አንድ የቦይንግ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1994 ከሚስቱ ተፋታ፤ ከሁለት ወር ብዙም ሳያልፍ በመኪና አደጋ ሳቢያ ሞተ። ኑዛዜ አልተወም። በአሠሪው በኩል የነበረው 46 ሺህ ዶላር የሕይወት መድን ፎርሙ ላይ ስሟ ለነበረው ለፈታት ሚስቱ ተከፈለ። ከእሷ በፊት ከነበረው ትዳር የወለዳቸው ልጆቹ ከሰሱ። የግዛቱ ሕግ ለእነሱ ያደላ ነበር፤ ፍቺ ሲጸና የቀድሞ የትዳር ጓደኛ ስም በራሱ እንደተሰረዘ ይቆጠራል ይላል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 በ7 ለ2 ድምፅ በልጆቹ ላይ ፈረደ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ክላረንስ ቶማስ፣ አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው የሚያቋቁሙትን መድንና ጡረታ የሚገዛው እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ኤሪሳ የተባለ የፌዴራል ሕግ ነው፤ ከፋዩም የሚመራው በፕላኑ ሰነድ እንጂ በየግዛቱ የፍቺ ሕግ አይደለም አሉ። ዳኛ ስቲቨን ብሬየር ግን ድርሻዋን በፍቺው ለወሰደች ሴት ሲሳይ፣ ለልጆቹ ግን ጉዳት ነው ብለው ተቃወሙ። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ2009 የተወሰነው የዱፖንት ሠራተኛ ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። እዚያ ሚስትየዋ በፍቺው ውሳኔ ላይ መብቷን በግልጽ ትታ ነበር። ሰውየው የጡረታውን ፎርም በልጁ ስም ቀየረ፤ የቁጠባ ሒሳቡን ፎርም ግን ሳይነካው ሞተ። 402 ሺህ ዶላሩ ለቀድሞ ሚስቱ ሄደ፤ ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ተገቢ ነው አሉ።

ለእኛ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው የቨርጂኒያው ነው። አንድ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ፈትቶ፣ ሌላ አግብቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 አረፈ። 124 ሺህ ዶላር ገደማ የሚሆነውን መድን የወሰደችው የቀድሞዋ ሚስት ናት። የግዛቱ ሕግ ሐዘንተኛዋ ባለቤት ከእሷ ላይ ገንዘቡን እንድታስመልስ ይፈቅድ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንንም ሻረው። በአሌክሳንድሪያና በአካባቢዋ በፌዴራል መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ወገኖች ይህን ልብ በሉ።

ግለሰብ ከመድን ድርጅት በራሱ የገዛው ፖሊሲ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ፍርድ ቤቱ በ8 ለ1 ድምፅ የሚኒሶታን የፍቺ ሕግ አጸናው፤ የሟቹ ልጆችም አሸነፉ። በጊዜው 26 ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ ነበራቸው። እንግዲህ በእነዚያ ግዛቶች ከኪሱ ከፍሎ ለገዛው ሰው ሕጉ ስህተቱን ያርምለታል፤ በሥራው በኩል መድን ላገኘው፣ ፖሊሲውን በዓይኑ እንኳ ላላየው ሠራተኛ ግን አያርምለትም። ይህ አይዋጥልኝም። የአሜሪካ ምክር ቤት ኤሪሳና የፌዴራል ሠራተኞችን መድን የሚገዛው ሕግ ላይ አንድ አንድ አንቀጽ ቢጨምር ነገሩ ያልቅ ነበር።

ከፋዮቹም ቢሆኑ እውነት አላቸው። የልጆች ቀለብ ዋስትና እንዲሆን አባት የእናቲቱን ስም እንዳይነካ ፍርድ ቤት ያዘዘበት ፍቺ አለ፤ አብረው ስላሳለፉት ዘመን ሲል ስሟን ሆን ብሎ የሚተውም አለ። የመድን ሠራተኛ የሟችን ልብ ማንበብ አይችልም።

ስም የተጻፈበትን መድን ከወራሾች የሚያርቀው የአሜሪካ ሕግ ብቻ አይደለም፤ የአገራችን የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 827 ተጠቃሚው ተለይቶ የተነገረበትን የሕይወት መድን ከውርሱ ውጭ ያደርገዋል። ስለዚህ የሟች ወራሾች «የአባታችን ገንዘብ ነው» ብለው ከሌላው ውርስ ጋር ሊካፈሉት አይችሉም።

ፎርሙን የሚቀይር ሰው የሚሳሳትበት ሌላም ቦታ አለ። በቀድሞ ሚስቱ ምትክ የስምንት ዓመት ልጁን ስም ብቻ ይጽፋል። መድን ድርጅት ለሕፃን በእጁ አይከፍልም፤ ገንዘቡን የሚይዝ ሞግዚት ይፈለጋል፤ ያ ሞግዚት ደግሞ በሕይወት ያለችው እናት፣ ማለትም ያችው የተፋታት ሴት ልትሆን ትችላለች። ይህን የማይፈልግ አባት በጠበቃ በኩል ገንዘቡን ለልጁ በአደራ የሚይዝ ትረስት አቋቁሞ የትረስቱን ስም ይጻፍ፤ መሥሪያ ቤቱ አዲሱን ፎርም መቀበሉንም በጽሑፍ ያረጋግጥ።