አንዱ ጫማ የጠራ፣ አንዱ ጭቃ

ባለፈው ክረምት ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ አንድ ፎቶ አነሳሁ። ከኋላ 209 ሜትር የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ፣ ከሥሩ ደግሞ ሣጥኑ ላይ ያጎነበሰ አንድ ሊስትሮ። ራቅ ብዬ ስላነሳሁት ሕንፃው ሰማይ የነካ ይመስላል፤ ልጁ ጉንዳን አክሏል። “ተቃርኖ” ብዬ ጻፍኩበትና ለጠፍኩት። ላይኩ ጎረፈ።

ከሳምንት በኋላ በዚያው ሳልፍ ቡትስ ጫማዬ በጭቃ ተለውሶ ስለነበር ልጁ ጋ ቁጭ አልኩ። ደስ የሚለው መስሎኝ ፎቶውን አሳየሁት። ዕድሜው ከእኔ ብዙም አያንስም። ስልኩን ተቀብሎ ራሱን በሁለት ጣቱ አጎላውና ዝም ብሎ አየው።

“ድሃ አስመሰልሽኝ እኮ እህቴ” አለኝ። “እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ።”

የምመልሰው ጠፋኝ። እሱም ሌላ ነገር ሳይናገር የቀኝ እግሬን ጨርሶ በብሩሹ ሣጥኑን ኳ ኳ አደረገ፤ እግር ቀይሪ ማለቱ ነው። ልቀይር ስል ግን አስቆመኝ። “ተቃራኒ ከፈለግሽ ይሄው፣ አንሺ!” ብሎ ወደ ጫማዎቼ ጠቆመ። አንዱ መስታወት መስሏል፣ ሌላው ገና ጭቃ ነው። መሃላቸው ቀለም የጠጣ እጁ አለ። አነሳሁት።

ማታ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ሳያቸው የኢኮኖሚክስ ክፍል ትዝ አለኝ። መምህሮቻችን ሁለት ነገር ሲያወዳድሩ “ሌላው ሁሉ ባለበት ሆኖ” ሳይሉ አይጀምሩም ነበር። አንዱን ነገር ብቻ ትቀይራለህ፣ የቀረውን ታስራለህ። ሁሉም ነገር አብሮ ከተቀየረ ምን ከምን ጋር እንደተወዳደረ አይታወቅም። ፎቶም እንደዚያው ነው። ሕንፃውና ልጁ በምንም አይገናኙም፤ ቁመታቸውም፣ ርቀታቸውም፣ የተሠሩበትም ነገር ይለያያል። ስለዚህ ተመልካቹ ክፍተቱን ድሮ በሚያውቀው ነገር ሞላው፦ ሀብታምና ድሃ። ጫማዎቹ ግን አንድ ዓይነት ናቸው፣ ብርሃናቸውም አንድ ነው፤ የሚለያያቸው የልጁ ሥራ ብቻ ነው። ዓይን በቀጥታ እዚያ ላይ ያርፋል።

የሀብት ልዩነትን ማንሳት አይቻልም እያልኩ አይደለም። ጆኒ ሚለር የሚባለው ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ2016 የደቡብ አፍሪካን ሰፈሮች በድሮን ከላይ ማንሳት ጀመረ። በአንድ በኩል ዛፍና ሰፋፊ ግቢ፣ በሌላው ተጠጋግተው የተሠሩ የቆርቆሮ ቤቶች፣ መሃል ላይ መንገድ ወይም ረግረግ። ከፍታውም ብርሃኑም ለሁለቱ ወገን እኩል ነው። ፎቶው የሚወቅሰው ከተማው የተሠራበትን መንገድ ነው፤ የአንድም ሰው ፊት “የድህነት ምልክት” ተደርጎ አልተለጠፈም።

ከዚያ ወዲህ ሐሳብ ሲጠፋኝ “ምኑን ልሰር፣ ምኑን ልቀይር?” ብዬ እጀምራለሁ። በስልክ የሚሠሩ ጥቂቶቹን ላካፍላችሁ።

ሰዓቱን ቀይሩ፣ ቦታውን እሰሩ። የመስቀል አደባባይን ደረጃዎች ጎህ ሲቀድ ሯጮች ሲወጡና ሲወርዱባቸው አንሱ። ከዚያ እኩለ ቀን ላይ ተመልሳችሁ በትክክል እዚያው ቁሙ። ግሪዱን ካበራችሁና አንድ ምሰሶ መስመሩ ላይ ካዋላችሁ ሁለቱ ፎቶዎች ይገጥማሉ።

ወለሉን ቀይሩ፣ ዕቃውን እሰሩ። እንጀራ በአንድ በኩል ዓይን በዓይን ነው፣ ምጣዱን የነካው በኩል ግን ልስልስ። እጥፍ አድርጋችሁ መስኮት አጠገብ አስቀምጡት። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ እያንዳንዷ ዓይን የራሷ ጥላ ይኖራታል።

ብርሃንና ጥላ። አዲስ አበባ ላይ ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ ጥላ ይረዝማል፤ እኩለ ቀን ላይ እግር ሥር ይገባል። ስክሪኑ ላይ ብሩሁን ቦታ ንኩና የፀሐይ ምልክቷን ወደ ታች ሳቡ። ከፊት ያለው ሰው ጥቁር ቅርጽ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ፊቱ እንዲታይ ለማይፈልግ ሰውም ይሄ አሪፍ ነው።

የቆመና የሚሮጥ። አመሻሽ ላይ የታክሲ ሰልፍ ፈልጉ። ስልካችሁን ምሰሶ ላይ አስደግፉ፣ ፕሮ ሞድ ገብታችሁ ሹተሩን ወደ 1/10 ሰከንድ፣ አይ.ኤስ.ኦውን ወደ ዝቅተኛው አውርዱ። ሚኒባሱ ሰማያዊ ጭረት ይሆናል፣ ሰልፈኛው ባለበት ይቆያል። አይፎን ከሆነ ላይቭ ፎቶ አንስታችሁ “ሎንግ ኤክስፖዠር” የሚለውን ምረጡ።

ቀለም። ቢጫ ጀሪካን ሰማያዊ በር ፊት አስቀምጡ፤ ሌላ ቀለም ፍሬሙ ውስጥ አታስገቡ። በቀለም ግጭት መማር ለምትፈልጉ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችውን የአይዳ ሙሉነህን ሥራዎች እዩ። ቀዩም፣ ሰማያዊውም፣ ቢጫውም ያለ ፍርሃት ፊት ለፊት ሲጋጠሙ ታያላችሁ።

ሰው ከገባበት ደግሞ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ ሳትለጥፉ በፊት አሳዩት። እኔ ያጠፋሁት እዚያ ላይ ነው።

የሕንፃውን ፎቶ አጥፍቼዋለሁ። የጫማዎቹን ከመለጠፌ በፊት ተመልሼ ሄጄ አሳየሁት። አሁንም በሁለት ጣቱ አጎላው፤ ያጎላው ግን ያብረቀረቀውን ጫማ ነበር። “ምን ብዬ ልጻፍበት?” አልኩት።

“ዋጋውን ጻፊበት” አለኝ። “ደንበኛ ይመጣ ይሆናል።”

ጻፍኩበት። ላይኩ የመጀመሪያውን ግማሽ እንኳን አልሞላም። ኮሜንት ላይ ግን “ቦታው የት ነው?” ብለው የጠየቁ ሦስት ሰዎች ነበሩ።