ሳይዘንብ የሚረጥብ ግድግዳ

ናይሮቢ በሐምሌ ይበርዳታል እንጂ እምብዛም አይዘንብባትም። ሰማዩ ደመና ለብሶ ይውላል፤ ሌሊቱ ወደ 12 ዲግሪ ይወርዳል። በከተማዋ የኢምባካሲ አካባቢ ያለ ተከራይ የቤት ጥገና ባለሙያ ፍለጋ የሚወጣው ታዲያ በዚሁ ደረቅ ወቅት ነው። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ጥግ ጠቁሯል፣ ኮቱ ሻጋታ ሻጋታ ይላል። ዝናብ ስለሌለ ጥፋተኛው ቧንቧ ነው ይባላል።

ልምድ ያለው ባለሙያ ከቧንቧው በፊት ማድ ቤቱን ያያል። ኬንያ ውስጥ በብዙ ቤት የሚበሰለው በ6 ኪሎ የጋዝ ሲሊንደር ነው። አንድ ኪሎ ጋዝ ሲነድ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ውሃ በእንፋሎት መልክ ያወጣል፤ ሲሊንደሩ እስኪያልቅ ዘጠኝ ሊትር ገደማ ቤት ውስጥ ይለቀቃል፣ ከድስቱ የሚወጣው ሳይቆጠር። ፓይፕላይንን በመሳሰሉ፣ ፎቅ ከፎቅ ተጠጋግቶ በተሠራባቸው ሰፈሮች ደግሞ ልብስም ቤት ውስጥ ይሰጣል። 20 ዲግሪ የሞቀና 70 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ከ14 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ግድግዳ ሲነካ ግድግዳው ያልበዋል። ሻጋታው ግን ላቡ እስኪንጠባጠብ እንኳ አይጠብቅም።

ቀና ሲሉ ምክንያቱ ይታያል፦ ከመስኮቱ በላይ ያሉት የአየር ቀዳዳዎች በካርቶን ተወትፈዋል። ለብርድና ለወባ ትንኝ ተብሎ ነው። ትንኙን ወንፊት ይከለክለው ነበር።

ጥርጣሬ ካለ መፈተኛው ርካሽ ነው። የፌስታል ቁራጭ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፎ አንድ ሁለት ቀን መተው። ውሃው በክፍሉ በኩል ከታየ ከኑሮ የመጣ ነው፤ ከፌስታሉ ሥር ከታየ ከግድግዳው።

ከኑሮ ከሆነ ቀዳዳውን መክፈት፣ ሲበሰል የማድ ቤቱን በር ዘግቶ መስኮቱን መክፈት፣ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ መዳፍ ማራቅ ብዙ ይለውጣል። እርጥበቱን ከ60 በመቶ በታች ማድረግ በቂ ነው፤ መለኪያዋም ውድ አይደለችም። ሻጋታውን ሳያጥቡ ቀለም መደረብ ገንዘብ ማባከን ነው። ክፍል ለማድረቅ ብሎ የከሰል ምድጃ (ጂኮ) አቀጣጥሎ መተኛት ደግሞ ሊገድል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታን ከአስም ጋር አያይዟቸዋል፤ ሕፃን ባለበት ቤት ነገሩ የቀለም ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከፌስታሉ ሥር ከረጠበ ግን መስኮት መክፈት ብቻውን አያድንም። ኢምባካሲ በአብዛኛው ያረፈው ዋልካ አፈር ላይ ነው፤ ውሃ ይዞ ይቆያል፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መሠረቱ ላይ የእርጥበት መከላከያ ያልተነጠፈለት ምድር ቤት ውሃውን ወደ ላይ ይስባል፣ ልስኑም ከታች ጀምሮ ይፈረፈራል። ይህ የአከራዩ ሥራ ነው፤ ተከራዩ ቀለም ከመግዛቱ በፊት የረጠበውን ፌስታል ሊያሳየው ይገባል።