ከአዳማ እስከ በቆጂ በሁለት ጎማ

በቢሮ የሚሠራ ወጣት ጸሐፊ ስለ አርሲ ስንዴ የሚያውቀው በፋይል ነው፤ ፋይሉ ይህን ያህል ኩንታል፣ ይህን ያህል ሄክታር ይላል። ተማሪውም አርሲን የሚያውቃት ለፈተና ባጠናው የጂኦግራፊ ደብተር ነው። ሁለቱም ወደዚያ የሄዱ እንደ ሆነ የሚሄዱት በአውቶቡስ ነው፤ በአውቶቡስ ውስጥ ደግሞ መጋረጃው ይዘጋል፣ ሙዚቃው ይከፈታል፣ ግማሹ ተሳፋሪ ያንቀላፋል። ዳገቱን የሚያውቀው ሞተሩ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ አንባቢን ወደ ሌላ ዐይነት ጉዞ ይጋብዛል፤ እርሱም የቢስክሌት ጉዞ ነው።

ቢስክሌት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በሜልቦርን፣ በ1949 ዓ.ም.፣ ከሯጮቻችን ጋር ቢስክሌት ነጂዎችም ተሰልፈው ነበር፤ ገረመው ደንቦባ ከእነርሱ አንዱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ በተባለው ታላቅ ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ይህም ሆኖ ብዙ ሰው ቢስክሌትን የሚያየው ወይ እንደ ልጅ መጫወቻ፣ ወይም መኪና መግዣ እንዳጣ ሰው ምልክት ነው። ከረባት ያሰረ መምህር በቢስክሌት ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ፣ «ምነው መምህር፣ ደህና አይደሉም?» የሚል አይጠፋም። ለዚህ ዐይነቱ ጥያቄ ደህና መልስ የሚሆነው የሁለት ቀን መንገድ ሄዶ መመለስ ነው።

የመጀመሪያው ቀን፤ ከቆላው ወደ ደጋው

ከአዳማ እስከ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዳማ በማለዳ መነሣት ይገባል፤ ምክንያቱም ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይበረታል። በከተማዋ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ የነፋስ ኀይል ማመንጫዎች የተተከሉት ያለ ነገር አይደለም። መንገዱ መልካሳ ዘንድ አዋሽን ይሻገራል፤ ወደ ሶደሬ ፍል ውኃ የሚወስደውም ቅያስ በዚያው በኩል ነው። እስከ ዴራ ድረስ አገሩ ሜዳ፣ ዛፉ ግራር፣ አየሩ ሞቃት ነው። ይህ የዶዶታ አገር ነው፤ ዝናብ ሲያጥር ቀድሞ የሚጎዳ አገር ነው። ይህንን በፋይል ያነበበ ሰው በዚያ ሲያልፍ ጉሮሮው ደርቆ ይረዳዋል።

ከዴራ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። በ50 ኪሎ ሜትር ውስጥ 700 ሜትር ያህል ከፍታ ይወጣል፤ ነገር ግን መንገዱ አንድ ወጥ ዳገት አይደለም። ወደ ጅረት ይወርዳል፣ እንደ ገና ይወጣል፣ ጥቂት ይደላደላል፣ ደግሞ ይወርዳል። ኢተያ ሲደረስ ግራሩ ሳስቶ ባሕር ዛፉ በዝቷል፣ የበቆሎው ማሳ ለስንዴ ቦታውን ለቋል። በጥቅምትና በኅዳር ነፋስ ሲመጣ ያ ሁሉ ስንዴ በአንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ይነሣል። በአጨዳ ጊዜ ማጭድም ኮምባይነርም በአንድ ሸለቆ ውስጥ ጎን ለጎን ሲሠሩ ይታያሉ።

ይህ ስንዴ እንዲሁ በዕድል የበዛ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ተቋቋመ፤ ማዳበሪያና የተመረጠ ዘር ለባላገሩ በብድር ያቀርብ ነበር። አሰላ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ የሚገኘው የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማእከልም የዚያ ዘመን ፍሬ ነው፤ የስንዴ ዝርያዎች ተፈትነው ወደ ገበሬው የሚወጡት ከዚያ ነው። አሰላ አጠገብ ባለው ገጠር በ1965 ዓ.ም. የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይሄድ ነበር፤ ግራ ክንዱን አጠፍ አድርጎ መሮጡ ደብተሩን ይዞ ከመሮጥ የመጣ ልማድ ነው ይባላል።

ሁለተኛው ቀን፤ ከጭላሎ ሥር

ከአሰላ እስከ በቆጂ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በስተ ግራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጭላሎ ተራራ ይታያል፤ በስተ ቀኝ መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆ ያዘቀዝቃል። ከእነዚህ ተራሮች የሚወርደው ውኃ በከታር ወንዝ ተሰብስቦ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል።

በዚህ መንገድ ላይ ቢስክሌት ነጂው ብቻውን አይሄድም። ከባልደረባዬ ጋር ሳጉሬን አልፈን በዳገት ስንገፋ፣ በፈረስ የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ ደረሱብንና ፈረሳቸውን ገታ አድርገው፣ «ልጆቼ፣ መኪናችሁ ተበላሸ?» አሉን።

«የለም አባባ፤ አገር ለማየት ነው የመጣነው» አልናቸው።

«አገር ለማየትማ ፈረስ ይሻላል፤ እርሱ ዳገቱን ይወጣዋል፣ እናንተ ታያላችሁ» ብለው ሣቁና ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ ዘግነው ሰጡን። እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥም፣ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ መስጠትና «ገለቶማ» ብሎ ማመስገን የሚችል መንገደኛ ደጅ ሁሉ ይከፈትለታል። በአገሩ ቋንቋ ዐሥር ቃል ማወቅ ከትርፍ ጎማ አይተናነስም።

በቆጂ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ሳንባ ለአንድ እስትንፋስ የሚያገኘው ኦክሲጅን ያንኑ ያህል ይቀንሳል። የከተማይቱ ልጆች ግን በዚያው አየር ሮጠው ዓለምን አሸንፈዋል። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። በ2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸውን አራቱንም ወርቆች ያመጡት ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ናቸው፤ ሁለቱም የዚሁ አካባቢ ልጆች ናቸው። ሦስቱንም በልጅነታቸው ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ በበቆጂ የስፖርት መምህር ነበሩ። መምህርነት ሩቅ አያደርስም የሚል ወጣት ይህን ቢያስብ ይጠቅመዋል።

ከመነሣት በፊት

ቢስክሌቱ ማርሽ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ማርሽ ኀይል አይጨምርም፤ ገበሬ ከባድ ጭነት ለሁለት አህያ እንደሚያካፍል፣ እርሱም ዳገቱን ለብዙ ትንንሽ እርግጫ ያካፍለዋል። የፍሬኑ ላስቲክ እንዳላለቀ ማየት፣ መለዋወጫ የውስጥ ጎማ፣ መንፊያና ጥቂት መፍቻ መያዝ ያስፈልጋል። ጎሚስታ በከተማ አይታጣም፤ በሁለት ከተማ መካከል ግን አይገኝም። ውኃ ሳይጠሙ መጠጣት ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት እንጂ በመታጠፊያው ላይ አይደለም።

ትልቁ አደጋ የጭነት መኪና ነው። ለቢስክሌት የተለየ መሥመር ስለሌለ፣ ሁለት ከባድ መኪናዎች በአንድ ቦታ የሚተላለፉ ሲመስል ወርዶ ዳር መቆም እንደ ፍርሀት አይቆጠርም። ደመቅ ያለ ልብስ መልበስ፣ በአንድ ረድፍ መሄድ፣ ከመምሸቱም በፊት ማደሪያ መግባት የግድ ነው። በቅርብ ዓመታት በክልሉ አንዳንድ ስፍራዎች ጸጥታ ስለ ደፈረሰ፣ የመንገዱን ሰላም በአገሩ ከሚኖሩ ሰዎች ሳይጠይቁ መነሣት አይገባም። አይሆንም ከተባለም ማስተላለፍ ነው፤ ተራራው የትም አይሄድም።

ወጪው ለጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ የሚከብድ አይደለም፤ የአንድ ሌሊት አልጋ፣ ምግብና፣ ቢስክሌቱን ጣሪያ ላይ አስጭኖ ለመመለስ የአውቶቡስ ዋጋ ነው። ጊዜውም ቢሆን ቅዳሜና እሑድ ላይ አንድ የፈቃድ ቀን ቢጨመር ይበቃል። የሚያስፈልገው ጉልበት ግን በአንድ ቀን አይገኝም። በየእሑዱ 20 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ 30፣ ከዚያ 50 እያሉ እግርን ማስለመድ ያሻል። የአርሲ ስንዴ ከኅዳር ጀምሮ ይታጨዳል፤ ቆሞ ሳለ ሊያየው የሚወድ ሰው ልምምዱን በክረምቱ መውጫ ይጀምር።