«የተወሰነ ኃላፊነት» የተወሰነው በማን ላይ ነው?

በየአውራ ጎዳናው በተሰቀሉ የድርጅት ሰሌዳዎች ላይ ከስሙ ቀጥሎ «ኃ.የተ.የግ.ማ.» የሚል ምሕጻረ ቃል እናነባለን። ሠርቶ አደሩ ይኸው ስም በታተመበት ማኅተም የተረጋገጠ የሥራ ውል ይፈርማል፤ የሠፈሩ ነዋሪ በዚሁ ስም ለሚጠራ ድርጅት ዕቃ በዱቤ ያቀርባል። ለመሆኑ «ኃላፊነቱ የተወሰነ» ሲባል ኃላፊነቱ የተወሰነው የማን ነው? የማኅበሩ ነውን? አይደለም። ማኅበሩ ያለ የሌለ ንብረቱ እስኪያልቅ ድረስ ላለበት ዕዳ ሁሉ ይጠየቃል። የተወሰነው የባለቤቶቹ ኃላፊነት ነው፤ ይኸውም በማኅበሩ ውስጥ ካዋጡት መዋጮ አልፎ ቤታቸውና የግል ገንዘባቸው አይነካም ማለት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ሕጉን መመልከት ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ ረቂቁን የጀመሩት ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ዣን ኤስካራ ሲሆኑ ከእርሳቸው ኅልፈት በኋላ የቀጠሉት የአገራቸው ልጅ አልፍሬድ ዦፍሬ ናቸው። ሕጉ ስድስት ዓይነት ማኅበሮችን ደንግጎ ነበር። የስሞቹ ብዛት አንባቢን ያሰለቻል እንጂ ዋናው ልዩነት አንድ ነው፤ ዕዳ ሲመጣ ማን በምን ይጠየቃል? በኅብረት ሽርክና ማኅበር ሸሪኮች ሁሉ በአንድነትና በነጠላ፣ በግል ሀብታቸው ጭምር ኃላፊዎች ናቸው። ማኅበሩ ተጠይቆ ያልከፈለውን፣ ገንዘብ ጠያቂው ከሸሪኮቹ መካከል አቅም ካለው ከአንዱ ብቻ ሙሉውን ሊጠይቅ ይችላል። በአክሲዮን ማኅበርና ኃላፊነቱ በተወሰነ የግል ማኅበር ግን ይህ በር ዝግ ነው። ለመጀመሪያው ቢያንስ አምስት አባላትና 50,000 ብር፣ ለሁለተኛው ከሁለት እስከ ኀምሳ አባላትና 15,000 ብር ካፒታል ያስፈልግ ነበር። በ1952 ዓ.ም. 15,000 ብር ምን ያህል ገንዘብ እንደነበረ ሽማግሌዎችን መጠየቅ ይበቃል።

የዚህ ሥርዓት ባሕርይ በግልጽ የታየው ከአገራችን ርቆ፣ በለንደን ከተማ ነው። አሮን ሰሎሞን የተባለ የቆዳ ነጋዴና ጫማ ሠሪ ለረጅም ዓመታት በግሉ ሲነግድ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1892 ንግዱን ወደ ማኅበር ለወጠ። የእንግሊዝ ሕግ ሰባት አባላት ይጠይቅ ስለነበር ሚስቱን፣ ሴት ልጁንና አራት ወንዶች ልጆቹን በአንድ በአንድ አክሲዮን አስገባ፤ የራሱ ድርሻ 20,001 አክሲዮን ነበር። በዚህም አላበቃም፤ ለሸጠው ንግድ ዋጋ ከፊሉን የማኅበሩን ንብረት በመያዣነት የያዘ የ10,000 ፓውንድ የብድር ሰነድ ወሰደ። ይህም ማለት ባለቤቱ ራሱ የማኅበሩ አበዳሪ፣ ያውም መያዣ ያለው አበዳሪ ሆነ። ንግዱ ብዙም ሳይቆይ ወደቀ። መያዣ ያልነበራቸው ገንዘብ ጠያቂዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የሥር ፍርድ ቤቶች «ይህ ማኅበር የስም ማኅበር ነው፤ ሰሎሞን ይክፈል» ብለው ፈረዱ። የጌቶች ምክር ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1896 ፍርዱን ሻረው፤ ማኅበሩ በሕግ ፊት ከሰሎሞን የተለየ ሰው ነው አለ። እስከ ዛሬ በብዙ አገሮች የሕግ ተማሪዎች የሚያጠኑት ይህንኑ ፍርድ ነው።

ሰሎሞን ስድስት የቤተሰብ ስም መሰብሰብ ነበረበት። በእኛ አገር አሁን ይህም አያስፈልግም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 የ1952ቱን የማኅበሮች ሕግ ተክቶ፣ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ፈቅዷል። ቀድሞ ለሕጉ ሲባል ብቻ የወንድም ወይም የሚስት ስም በአንዲት ድርሻ ይመዘገብ የነበረበትን ልማድ ስናስታውስ፣ የአሁኑ ቢያንስ እውነቱን በግልጽ የሚናገር ነው ብለን እናምናለን።

የተወሰነ ኃላፊነት ጥቅም የለውም አንልም። ባያኖር ኖሮ ጥቂት ቆጣቢዎች ጥሪታቸውን አሰባስበው ፋብሪካ ለመትከል ባልደፈሩም ነበር። ነገር ግን ገደቡ በሁሉም ላይ እኩል አይሠራም፤ የጉዳዩ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው። ባንክ ለማኅበር ሲያበድር ብዙውን ጊዜ የባለቤቱን ቤት በመያዣ፣ ባለቤቱንም በግል ዋስትና ያስፈርማል። አቅም ያለው አበዳሪ ሕጉ የዘጋውን በር በውል ይከፍተዋል። የወር ደመወዙን የሚጠብቀው ሠራተኛስ? በዱቤ ጤፍ ወይም እንጨት ያቀረበው ሰውስ? ሥራ ሲቀጠር ቀጣሪውን «ቤትህን በዋስትና አስይዝልኝ» የሚል ሠራተኛ አላየንም። ስለዚህ ገደቡ ሙሉ ክብደቱን የሚጥለው ውል ለመደራደር አቅም በሌላቸው ላይ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ የሠራተኛ የክፍያ ጥያቄ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ እንደሚሰጠው ይደነግጋል። ይህ ትልቅ መብት ነው። ሆኖም ቅድሚያ የተራ ጉዳይ እንጂ ገንዘብ አይደለም፤ ካዝናው ባዶ ከሆነ በተራ መቅደም ብቻውን እንጀራ አይሆንም። እንዲህ በሆነ ጊዜ የሚቀረው መንገድ የማኅበሩን ግድግዳ አልፎ ባለቤቱን መጠየቅ ሲሆን፣ ይህም የሚቻለው በጠባብ ሁኔታ ነው፤ ለምሳሌ ብቸኛው አባል የማኅበሩን ንብረት ከግል ንብረቱ ጋር ሲቀላቅል።

መቀላቀሉን ማስረዳት ደግሞ የጠያቂው ሸክም ነው። በዚህ ረገድ ደመወዝ የተከፈለው ከማኅበሩ የባንክ ሂሳብ ነው ወይስ ከባለቤቱ የግል ሂሳብ፣ ደረሰኙ የታተመው በማን ስም ነው፣ የማኅበሩ መኪና የማንን ቤት ዕቃ ያመላልስ ነበር የሚሉት ጥያቄዎች ከብዙ ክርክር ይበልጣሉ። እነዚህን ከማንም ቀድሞ የሚያየው በየዕለቱ በሥፍራው የሚሠራው ሠራተኛ ነው፤ የክፍያ ወረቀቱን ጠብቆ ማቆየትም የእርሱ ፈንታ ነው።