ያልተነሳው ፎቶግራፍ

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው በማግስቱ አረፉ። ሠዓሊዎቻችን ግን ያላዩትን ጦርነት አሳይተውናል፤ የኛን ወገን በሙሉ ፊት፣ ጠላትን በጎን እየሣሉ። ቀኑና ሞቱ ታሪክ ነው፤ መልኩ የሠዓሊው ግምት ነው።

ዛሬ ደግሞ ያልነበረ ሰነድ ፈጥረው በእውነተኛው ታሪክ መካከል የሚያስቀምጡ የጥበብ ሰዎች አሉ። ሊባኖሳዊው ዋሊድ ራድ የአገሩን የእርስ በርስ ጦርነት የሚመለከቱ ማስታወሻ ደብተሮች ፈጥሮ ለዕይታ አቅርቧል። ከኛም ደራሲዋ መዓዛ መንግሥቴ አለች። በእንግሊዝኛ የጻፈችውና በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው «ዘ ሻዶው ኪንግ» ስለ ጣሊያን ወረራና ስለ አርበኛ ሴቶች ይተርካል። ፎቶግራፍ አንሺው ወታደር ኤቶሬ የፈጠራ ሰው ነው። ያነሳቸውን «ፎቶዎች» ደራሲዋ በቃላት ታሳየናለች።

መፍጠር ለምን አስፈለጋት? የጣሊያን ወታደሮች ያነሷቸውን እውነተኛ ፎቶዎች ለዓመታት ሰብስባለች። ካሜራው ግን የወራሪው ነበር። የሴቲቱን ፊት እንጂ ስሟንና ሐሳቧን አይነግረንም። ያንን ጎደሎ ነው በልብ ወለድ የሞላችው።

የሚገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው። ልብ ወለዱን ስትጽፍ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ የገዛ ቅድመ አያቷ ዘማች እንደነበረች እናቷ ነገረቻት። ቅድመ አያቷ አባቷን ከስሳ ረትታ፣ ጠመንጃውን ይዛ ዘምታለች። ደራሲዋ በምናቧ ስትፈልጋት የኖረችው ሴት በቤቷ ነበረች፤ አልጠየቀችም እንጂ!

ወደ መተማ እንመለስ። በዚያው ወረራ ዘመን፣ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ጋላባትን ቢይዝም መተማን መያዝ ሳይችል ቀርቷል። የጦር አዛዦቹ ስም ተጽፏል። ለተዋጊ ውኃ የቀዳችው፣ ልጇን አዝላ የሸሸችው ሴት ስምስ?

ልብ ወለድ ጎደሎውን ሊሞላ ይችላል፤ ምናብ መሆኑን እስካልደበቀ ድረስ። ከልጆችዎ ጋር ታሪካዊ ፊልም ሲያዩ «የቱ ተመዝግቧል? የቱ ተፈጥሯል?» ብለው ይጠይቋቸው። ከዚያ በፊት ግን አልበሙን አውጥተው ከእማማ ጎን ይቀመጡ። ከፎቶው ጀርባ ስም፣ ቦታና ዓመተ ምሕረት በእርሳስ ይጻፉ። እማማ እያሉ ያልተጠየቀውን ነገር ነገ ደራሲ እንጂ ሌላ አይመልሰውም።