ኮምፒዩተርን ከትኩሳት ስለሚጠብቀው ማራገቢያ

በዛሬው ዘመን ኮምፒዩተር ከጽሕፈት ቤት አልፎ በየቤቱ ስለ ገባ፤ ለልጆች ትምህርት፤ ለቤት ሒሳብና ለፎቶግራፍ ማኖሪያ እንደሚያገለግል የታወቀ ነው። ነገር ግን ይህ መሣሪያ ሥራው ሲዘገይ ወይም በድንገት ሲጠፋ፤ አንዳንዱ ሰው አርጅቷል ብሎ ሌላ ለመግዛት ይቸኩላል፤ አንዳንዱም ልጁን አበላሸኸው እያለ ይቈጣል። ምክንያቱ ግን የመሣሪያው እርጅና ወይም የልጁ ጥፋት ሳይሆን፤ በውስጡ ያለው ትንሽ ማራገቢያ፤ ማለት በተለምዶ ፋን የሚባለው፤ በአቧራ መታፈኑ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የማራገቢያውን ሥራ ለቤተ ሰብ በሚረዳ አኳኋን ለመግለጽ አሰብን።

አስቀድሞ ሙቀቱ ከወዴት እንደሚመጣ ማወቅ ይገባል። ወደ ኮምፒዩተር የሚገባው የኤሌክትሪክ ኃይል ሥራውን ሲሠራ ሁሉም ለማለት በሚቻል መጠን ወደ ሙቀት ይለወጣል። በየካቲት ወር 1938 ዓ.ም. በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ ለሕዝብ የተገለጸው ኤኒያክ የተባለው ኮምፒዩተር፤ አምፑል የሚመስሉ ከ17 ሺህ የሚበልጡ ቱቦዎች ስለ ነበሩበት፤ 150 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል ይፈጅ ነበርና በታላላቅ የነፋስ መንፊያዎች ይቀዘቅዝ ነበር። የዛሬው መሣሪያ እጅግ ያነሰ ቢሆንም፤ በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ውስጥ ፕሮሰሰር የሚባለው ዋናው ክፍል ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ በማይበልጥ ስፍራ ላይ 65 ዋት፤ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ሙቀት ያወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በየቤቱ ከሰል በማራገቢያ ሲቀጣጠል እናያለን፤ እሳትን የሚያነድ ነፋስ እንዴት ሊያቀዘቅዝ ይችላል? መልሱ ይህ ነው። ከሰል የሚነደው ከአየር ውስጥ ኦክሲጅን እየተቀበለ ስለ ሆነ፤ ነፋስ ለእርሱ ምግብ ነው። የኮምፒዩተሩ ክፍል ግን የሚነድ ስላልሆነ፤ ነፋሱ ሙቀቱን ተሸክሞ ከመሄድ በቀር ሌላ አያደርግም። እናት ለልጇ ትኩስ አጥሚት እፍ ስትልለት፤ ትንፋሿ ለብ ያለ ሳለ አጥሚቱ ይበርዳል። እንደዚሁም ማራገቢያው ሙቀትን ያስወጣል እንጂ ብርድን አይፈጥርም።

አጥሚት በሰፊ ሳሕን ሲፈስስ ቶሎ እንደሚበርድ፤ በፕሮሰሰሩ ላይም ሂት ሲንክ የሚባል ብዙ ስስ ክንፎች ያሉት መዳብ ወይም አሉሚኒየም ይጫናል፤ ሙቀቱም በክንፎቹ ላይ ሲዘረጋ ማራገቢያው ይጠርገዋል። በብዙ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች በፊት ያለው ማራገቢያ አየር ሲያስገባ፤ በኋላ ያለው የሞቀውን ያስወጣል። ሙቀቱ እስከ 100 ዲግሪ ሲቃረብ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያዘገያል፤ ያም ካልበቃ መሣሪያው ይጠፋል። ያልተቀመጠ ጽሑፍም በዚያው ይቀራል።

በአገራችን ደጋ ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚሸከመው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። በዚህ ላይ የበጋ አቧራ ሲጨመርበት መንገዱ ይደፈናል።

ስለዚህ ኮምፒዩተሩን ወለል ሲጠረግ አቧራ ከሚያገኘው ስፍራ ከፍ አድርጎ፤ ከግድግዳም አንድ ስንዝር ያህል አርቆ ማኖር ነው። ላፕቶፕ በአልጋ ላይ ወይም በጋቢ ላይ ሆኖ ሲሠራ ከበታቹ ያለው የአየር መግቢያ ስለሚታፈን፤ በጠረጴዛ ላይ ማድረግ ይገባል። የጠረጴዛው ኮምፒዩተር ሲጸዳ፤ አጥፍቶ ከኤሌክትሪኩ ነቅሎ፤ የማራገቢያውን ክንፍ እንዳይዞር በጣት ይዞ፤ በደረቅና በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ነው። እርጥብ ጨርቅ ግን ወደ ውስጥ ከቶ አይግባ። ላፕቶፕን መክፈት ለባለ ሙያ መተው ይሻላል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፤ ልጅን ከመቈጣትና ገንዘብ ከማውጣት አስቀድሞ የቤት ጌቶችና እመቤቶች የማራገቢያውን መንገድ እንዲመለከቱ እናሳስባለን።